ሳፋው ምን አደረጋችሁ?

በሰፈራችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የወረዳው ተወካይ የተናገሩት ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። የተሰበሰብነው ለቆሻሻ ማንሻ ሰዓት ነበር። ሊያልቅ ሲል አንዲት እናት ተነሡና «ያንን ብስክሌት ጠጋኝ ለምን አነሣችሁት? የልጅ ልጄ ብስክሌት ተንፍሶ ቆሟል» ብለው ጠየቁ። ተወካዩ ፈገግ አሉ። «እናቴ፣ ሳፋ ዘርግቶ መንገድ ዳር መቀመጥ ከተማችን ለደረሰችበት ደረጃ አይመጥንም። አሁን ዘመናዊ የጥገና ቤቶች አሉልን፤ ደንበኛ በክብር የሚስተናገድባቸው፣ ደረሰኝ የሚቆርጡ።» ጥቂት ሰው አጨበጨበ። እኔም እጄን አውጥቼ ነበር፤ «ሰዓት አልቋል» ተባለ።

እንግዲህ ሰዓት ያለኝ እዚህ ነው።

«ደረሰኝ የሚቆርጡ» ከምትለዋ ልጀምር፤ ከሁሉም የገረመችኝ እሷ ናት። ደረሰኝማ እኔም አለኝ። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተሰልቶበታል፣ ቀኑም ሰዓቱም ታትሞበታል። «የፔዳል ሰርቪስ» ይላል። የጎደለው የፔዳሉ ሰርቪስ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት የብስክሌቴ ግራ ፔዳል በረገጥኩት ቁጥር «ቀጭ» ይል ጀመር። ጋሼ፣ ማለትም አሁን የተነሡት ጠጋኛችን፣ ያን ሰሞን ለለቅሶ አገር ቤት ሄደው ስለነበር ስሙን የማልጠራው አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ገባሁ። ሶፋ አለ። ቴሌቪዥን አለ። ግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ተብሎ ተለጥፏል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ለልጅሽ ነው?» አለኝ። የኔ ነው አልኩት። 41 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት፣ ፊደል ሳልጨርስ ነው ፔዳል የረገጥኩት። ስሜን ጻፈ፣ ስልኬን ጻፈ፣ የብስክሌቱን ቀለም ጻፈ። ምኑ እንደሚጮኽ ግን አልጠየቀኝም። «ተይውና እንደውልልሻለን።»

አልደወሉም። በአራተኛው ቀን ስደውል «ወረፋ ላይ ነው» ተባልኩ። በስድስተኛው ቀን ከፍዬ፣ ደረሰኜን ተቀብዬ ወጣሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ግራው ፔዳል ከእግሬ ሥር ወልቆ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። አንሥቼ ሳየው የቀኝ ፔዳል ነው! አዲስ ጥንድ ፔዳል ሲገጥሙ ቀኙን ግራ ላይ፣ ግራውን ቀኝ ላይ በትልቅ ቁልፍ በግድ አስገብተውት የክራንኩን፣ ማለትም ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ፣ ጥርስ ልጠውታል።

ብስክሌት ለማይነዳ አንባቢ ላስረዳ። ቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ነው የሚጠብቀው። ግራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል። እንዲህ የተሠራው ስንረግጠው ራሱን በራሱ እየፈታ እንዳይወልቅ ነው። ይህ ትናንት የወጣ ቴክኖሎጂ አይደለም። አውሮፕላን ያበረሩት ራይት ወንድማማቾች በ1892 እ.ኤ.አ. በኦሃዮዋ ዴይተን ከተማ ብስክሌት ቤት ከፍተው ሲጠግኑና ሲሸጡ ኖረዋል፤ እነሱም በራሳቸው ብስክሌት ላይ የግራውን ፔዳል ጥርስ ገልብጠው «አይወልቅም» እያሉ አስተዋውቀዋል። ደግሞ እኮ በየፔዳሉ ላይ ግራና ቀኝ የሚለይ ፊደል ተቀርጿል። ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቀው።

ተመልሼ ስሄድ ማኔጀሩ ሶፋው ላይ አስቀመጠኝ። ውሃም አቀረበልኝ፤ አልዋሽም። ከዚያ «ሲመጣም ተበልቶ ነበር» አለኝ። አሁን ማን ይመስክር? ሥራው የተሠራው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። እኔ አላየሁም፣ ማኔጀሩ አላየም፣ የሠራው ልጅ «ዛሬ ዕረፍት ነው» ተባለ። ደረሰኙ የሚናገረው እኔ ስንት እንደከፈልኩ ነው፤ እነሱ ምን እንደሠሩ ላይ ጸጥ ይላል። የወረዳው ተወካይ የኮሩበት፣ ሰው ያጨበጨበለት ደረሰኝ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ሳፋው ልምጣ፤ የሰውየውን ዓይን የወጋው ሳፋው ነውና።

ጋሼ ዘንድ እንዲህ ነው። ሳይነሡ በፊት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የኋላ ጎማዬ ተንፍሶ እየገፋሁ መጣሁ። «ደህና አደርሽ ልጄ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ከዚያ ወዲያው፦ «ሌሊቱን ነው የተነፈሰው ወይስ እየነዳሽ?» ይህቺ ጥያቄ ጨዋታ ማሳመሪያ እንዳትመስላችሁ። ሌሊቱን ቀስ ብሎ ከተነፈሰ ቫልቮላው ወይም የድሮ ጥጋን ነው የሚጠረጠረው፤ እየነዱ ከሆነ የወጋ ነገር አለ። ዶክተር «ትኩሳቱ ማታ ማታ ነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው ማለት ነው። መስታወት ቤት ስድስት ቀን ስመላለስ ያልተጠየቅሁትን ጋሼ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ጠየቁኝ።

ካርቶን አነጠፉ፣ ኮርቻው እንዳይፋቅ። ብስክሌቱን ገለበጡት። በሁለት የማንኪያ እጀታ ጎማውን ከቸርኬው ፈለቀቁና ከመነዳሪውን ስበው አወጡት። ነፉት። መጀመሪያ ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው ዙሪያውን አዞሩት፤ የምታመልጠዋን አየር ቆዳ ይሰማታል። ከዚያ ሳፋው ውስጥ ከተቱት፣ በሁለት እጃቸው እየሳቡ፣ ስንዝር በስንዝር። አንዲት ቀጭን የአረፋ ክር ከውሃው ወጣች።

«አየሽ?» አሉኝ።

አየሁ። እኔ እንግዲህ የደንበኛ አገልግሎት የምለው ይህንን «አየሽ?» ነው። ሳፋው ቀዳዳውን ለጋሼ ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ ለእኔም ነው። አንድ ቀዳዳ ካለ አንድ እንከፍላለን፣ ሁለት ካለ ሁለት አረፋ ይወጣል። «ከመነዳሪው አርጅቷል፣ ይቀየር» ካሉኝም ውሃው ውስጥ በስምንት ቦታ ሲያፏጭ አይቼ ነው የምስማማው። ከተጠገነ በኋላ ተመልሶ ይገባል፤ አረፋ ከሌለ ሥራው አለቀ። የባለሙያውን ሐቀኝነት በሁለት ሊትር ውሃ የሚመዝን ሌላ ሙያ ካለ ንገሩኝ። የመኪና ጋራዥ አለው? የጥርስ ሐኪም አለው? ወረዳውስ አለው? ወረዳው ሳፋ ቢኖረው ኖሮ ጉዳያችን የት ጋ እንደሚያፈስ ቆመን እናይ ነበር።

ገና አልጨረስኩም። ጋሼ ቦታዋን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁ፣ ማስቲሽ ቀቡ፣ እፍ አሉና ጠበቁ። «እርጥቡን ከለጠፍኩት ነገ ትመጫለሽ» አሉኝ። ልብ በሉ፣ ነገ ብመጣ ሌላ ክፍያ ነው፤ ሰውየው ግን እንዳልመጣ ነው የሚጠብቁት። ጥጋኑን ለጥፈው በመዶሻ እጀታ ከደቆሱት በኋላ፣ ብዙ ሰው የሚዘላትን ሥራ ሠሩ፦ ጣቶቻቸውን ጎማው ውስጥ ከተው ውስጡን ዳሰሱት። ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ ዓይነ ስውር ፊደል እንደሚያነበው። አንድ ቦታ ቆሙ። ያረጀ የመኪና ጎማ ከሚያረግፈው ሽቦ አንዷ፣ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር፣ ተሰክታ ቀርታለች። በፒንሳ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጧት። «ያዢ፣ ጠላትሽ ይቺ ናት።»

ያቺ ሽቦ ባትወጣ ኖሮ አዲስ ከመነዳሪ ቢገባም ሰፈር ሳልደርስ ይወጋ ነበር። መስታወት ቤቱ አዲስ ይሸጥልኛል፣ ይወጋል፣ ሌላ አዲስ ይሸጥልኛል፤ ደረሰኞቼም ይበዛሉ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው ምን እንደሆነ የምትገዙት ታውቁታላችሁ። ዕቃ የሚሸጥ ቤት «አዲስ አለን» ማለት ይቀናዋል። ጠጋኝ የሚሸጠው ዕቃ የለውም፤ የሚሸጠው እጁን ነው፣ ስለዚህ «ይዳናል» ማለት ይቀናዋል። ማን ለኪሴ እንደሚያስብ ለማወቅ አማካሪ መቅጠር አያስፈልገኝም።

ሌላም አለ። ጋሼ ቢያታልሉኝ በቀን ሁለት ጊዜ በፊታቸው አልፋለሁ። አጠገባቸው ሊስትሮው አለ፣ በቆሎ ጠባሿ አለች፣ ከተማሪ ቤት የሚመለሱት ልጆች ተሰብስበው ያያሉ። ሁሉም ስለ ጥጋን ሐሳብ አለው፣ ሁሉም ይፈርዳል። «ኧረ ጋሼ፣ እዚህ ጋም ትንሽ አረፋ አለች!» የሚል የአሥር ዓመት ኦዲተር የትኛው መስታወት ቤት ነው ያለው?

ባሕር ዳርን አነሣሁ መሰለኝ። ባለሙያ ነን የሚሉት «ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደችው ሜዳ ስለሆነች ነው» ይላሉ። ሜዳማ ከተማማ ስንት አለ! አዳማ ሜዳ አይደለችም እንዴ? እኔ ያደግሁባት ባሕር ዳር ብስክሌት የለመደችው በየዛፉ ጥላ ሥር ሳፋ ስለነበረ ነው፤ ከዚህ ማንም አያነቃንቀኝም። የፋብሪካ ሠራተኛው በፈረቃ ሰዓቱ፣ ተማሪው በደወሉ፣ ነርሷ በነጭ ጋውኗ በብስክሌት ስትመላለስ፣ የማንም ጎማ ተነፈሰ ማለት አምስት ደቂቃ መግፋት ነበር። በሰዓት ተከራይተን የምንነዳ ልጆች እንኳን ጎማ አፈንድተን ለባለቤቱ ሳንናገር አስጠግነን መልሰናል (ይቅር ይበለን)። ሐዋሳም ቢሆን ያው ነው። ግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝም የባሕር ዳሩ አዲስ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር ተሠርቶለታል፤ ደስ ብሎኛል። መስመሩን ለማስመር ግን ቀለም ይበቃል። ነጂውን መስመሩ ላይ የሚያቆየው ሌላ ሰው ነው።

እዚህ አዲስ አበባም እንዲሁ። ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ ሲሠራ ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ተለይቶ ወጣ። እኔ ከተጠቀሙት አንዷ ነኝ፤ ማለዳ ላይ በመስቀል አደባባይ በኩል መውረድ እንዴት እንደሚያስደስት ልነግራችሁ አልችልም። ከተማዋ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም አላት። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ የወሰነችው አገር ብስክሌትን ብትወድ አይገርምም። ታዲያ መንገዱን ከሠራችሁ በኋላ መንገዱ ዳር የነበረውን ጠጋኝ ማባረር ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? ምንጭ አጎልብቶ ቅሉን መስበር ነው።

ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ጎማው ቢተነፍስ ትርፍ ቸርኬ የጫነ የቡድኑ መኪና ከኋላ ይከተለው ነበር። ከኔ ኋላ የሚከተለው ሚኒባስ ነው፤ እሱም ጡሩምባ እየነፋ። ባለፈው ሰኞ ቦሌ መንገድ ላይ ተነፈሰብኝ። ከቢሮ እስከ ቤቴ አንድም ሳፋ የለም። በዚያ በሚያምረው መንገድ፣ በዚያ በሚያምረው መብራት ሥር፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ገፋሁት። መንገደኛው «አይዞሽ» ይለኛል። «ዘመናዊ የጥገና ቤቶች» ያሉን የት ናቸው? ላም አለኝ በሰማይ።

«በክብር» ስለምትለዋ ደግሞ ጥቂት ልበል። አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃው፣ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል። ደረሰኝም እዚያው ሕግ ውስጥ አለ፤ አልካድኩም። ሶፋ ግን የለበትም። ብስክሌቴን እየገፋሁ ስደርስ በርጩማቸውን ለቀው «ተቀመጪ ልጄ፣ ደክሞሻል» የሚሉኝን ሰው «ክብር አያውቁም» ማለት፣ «ለልጅሽ ነው?» ያለኝን ልጅ ደግሞ «ዘመናዊ» ማለት፣ እኔ የማውቀውን አማርኛ ገልብጦ መልበስ ነው።

ይሁን፣ አንዳንድ ነገር ልመንላችሁ። ግራሶና ጥቁር ዘይት የእግረኛ መንገድ ያቆሽሻል። ሁሉም ጠጋኝ ጋሼ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሌላ ሰፈር ለአንድ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። የዘይት ፍሬን ወይም ባለባትሪ ብስክሌት ሲመጣ መስታወት ቤቱ ይሻላል፣ እዚያው ይሂድ። በቃ፣ ከዚህ በላይ አላምንም። ቆሻሻ ከሆነ ችግሩ ከሥሩ የሚነጠፍ ላስቲክ ግዙ። ዓይን ከወጋችሁ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጃንጥላ አልብሷቸው፤ ጀበና ቡና ለሚያፈሉት ዲዛይን ይወጣል አይደል? አንድ ጠጋኝ የሚፈልገው ሁለት ካሬ ሜትር ነው። በዚያ ሁሉ አበባና ፏፏቴ መሀል ሁለት ካሬ ሜትር ጠፋ?

ጋሼን ባለፈው ቅዳሜ አገኘኋቸው። አጥር ለአጥር ጠይቄ ጠያይቄ ነው፤ አንድ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ደረጃው ሥር፣ ዘበኛው በቸርነቱ ያስጠጋቸው ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። መንገድ ላይ ያለ ሰው እዚያ ሰው አለ ብሎ አይጠረጥርም። የተነሡ ቀን ሳፋቸውን ከነማስቲሹ፣ ከነመንፊያው ጭነው ወስደውባቸዋል። መንፊያ ከሰው ተውሰዋል። በሳፋው ፋንታ ጥቁር የቀለም ባልዲ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ጠባብ ስለሆነ ከመነዳሪው ተጣጥፎ ነው የሚገባው፣ ከደረጃው ሥር ደግሞ ብርሃን የለም።

የሰኞውን ጎማ አወጡት፣ ነፉት፣ ወደ ጉንጫቸው አስጠጉት፣ ባልዲው ውስጥ አጎንብሰው ከተቱት። ረጅም ጊዜ አዞሩት። ከዚያ ቀና ብለው በድሮ ድምፃቸው «አየሽ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁር ውሃ ነው።

«አየሁ ጋሼ» አልኳቸው።